ቀስ ብሎ የሚነድ

ኮምቦልቻ፣ ግንቦት፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት፤
ቅጠል የማይነቃ፣ ነፋስ የቆመበት።
የይመር አራጋው መድኃኒት ቤት ጓዳ
ሙቀት ተኝቶበት እንደ ክፉ እንግዳ፣
ይመር ደወለልኝ፣ ላቡን በክንዱ ጠርጎ፣
«ሽሮፑ ሊበላሽ ነው» ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሃያ ሦስት ዓመቴ፣ በዚህ ሙያ ስኖር።
በሃያ ሁለቱ ጋዝ እጄ የለመደው ነገር
ቀላል ነበር፣ ቀላል፤ ቱቦ መፍታት ነበር፣
የቀረውን «ፍስስ» አድርጎ ለሰማይ መወርወር።
ሲጋራ በከንፈር፣ ችቦ በቀኝ እጄ፣
መዳብ ስበይድ ውዬ፣ እያፏጨሁ ሄጄ
እተኛለሁ።
ሰማዩ ምን እንዳለ አልጠየቅሁም።

አሁን መጣ አዲሱ፤ ሠላሳ ሁለት ይሉታል፤
በሲሊንደሩ አንገት ቀይ ቀለም ተቀብቷል፤
ከሥሩ ሦስት ማዕዘን፣ መሐሉ ነበልባል፤
ፊደል ላልቆጠረም ሥዕሉ ያናግራል።

ጦይባ ግን ፊደሉንም ታውቃለች፤ ከኮሌጅ ናት፤
የመሰላሌን እግር ይዛ የምትቆም ልጅ ናት
ብዬ ነበር የቀጠርኳት።
«ጋሽ ይማም፣ ይኼ ጋዝ» አለች፣ «ቤንዚን አይደለም፤
ክብሪት ስላየ ብቻ ዘሎ አይነሳም።
ቀስ ብሎ ነው የሚነድ፤ ሲበዛ፣ ሲታፈን፣
ከአየር ይከብዳልና ወለል ላይ ሲከደን።»

አባቴን አሰብሁት። ዝምተኛ፣ ለስላሳ፤
ሰው ዓመት ሲገፋው ድምፁን ሳያነሳ፣
አንድ ቀን በር ዘግተው ድንበሩን ሲነኩበት
ያኔ ነው ዘመዱ እሳቱን ያየበት።

«በሩም መስኮቱም ይከፈት» አለች ጦይባ።
ይመር ተቆጣ፤ «ሙቀቱ ይግባ?»
«ከሞተ ማቀዝቀዣ ምን ብርድ ሊወጣ ነው?»
አለችው። ሳቄን በክንዴ ሸፈንሁት፤ ከፈተው።

ከግድግዳው ማዶ እትዬ ዚነት አለች፤
ከሰሏን አራግባ ሳምቡሳ ትጠብሳለች።
«አንድ ሰዓት ብቻ እሳትሽን አጥፊልን።»
«አምና እዚሁ ቆመህ ቱቦ ስትበይድልን
አጠገቤ ነበር ያንተ የራስህ እሳት!
ዛሬ የኔ ከሰል ምን አድርጎ ነው ጠላት?»

መልስ አጣሁ። እውነቷን ነው።
ሲጋራና ላይተሬን ከኪሴ አወጣሁና
መዳፏ ላይ አኖርሁ፤ «ይኸው መያዣ፤ በይ ጠብቂና፣
የኔም ጠፍቷል።»
አየችኝ፣ አየችው፣ ውኃ ቸለሰች።
«ያልተጠበሱት አርባው ግን ባንተ ነው» አለች።

ከዚያ ሥራው።
የቀረውን ጋዝ በማሽን መልሰን ሰበሰብን፤
በናይትሮጅን ቱቦውን ሁለት ጊዜ አጠብን።
ዱሮ በሳሙና አረፋ የምፈልገውን ቀዳዳ
ጦይባ በመሣሪያ ትፈልገዋለች፣ ወለሉን ተንበርክካ፤
«ቲክ… ቲክ…» ይላል፤ እንደ ሕፃን ታስድኸዋለች፤
ከመገጣጠሚያው ሥር ሲጮህ ቀና ትላለች።
ችቦ ያኔ ብቻ ተለኮሰ፣ ደጅ ላይ፣ እሷ ፈቅዳ።

ፓምፑ አርባ ደቂቃ አየሩን ሲመጥ
እጄ ወደ ኪሴ ሄደ፤ ባዶ ነው፤ ላቀረቅር ወይ ልቀመጥ?
የጌጁን መርፌ ሳይ ቆምሁ።
መርፌው ወርዶ ቆመ። ጋዙን በሚዛን ላይ ሰጠነው፣
ሰባት መቶ ግራም፤ ወርቅ የመዘንሁ መሰለኝ።

ብርዱ መጣ። በመጀመሪያ የይመር ጢም ላይ፤
ቀጥሎ መደርደሪያው፣ ካርቶኑ፣ ሽሮፑ ላይ።
ጦይባ ቀኑን ጽፋ በውጪው ሳጥን ላይ
ያችን የእሳት ሥዕል ለጠፈች፤ ከእኔ በኋላ የሚመጣው እንዲያይ፣
እኔ ብሆንም እንኳ።

ዚነት ከሰሏን አያያዘች። መያዣዬን ስጠይቃት
«ነገ» አለችኝ፤ አልተከራከርኳት።
አርባ ጥሬ ሳምቡሳ በፌስታል አንጠልጥዬ
በቦርከና ድልድይ ላይ ቆም አልሁ፤ ቀና ብዬ
ሰማዩን አየሁት።
ዛሬ ምንም አልላክንበት።